አሰፋሽ የቻለችው ሐዘን

ሰው አንዴ «ጠንካራ ነሽ» ብሎ ካመሰገነ በኋላ የደከምሽ ዕለት እንዳታለልሽው ነው የሚቆጥርሽ። የቡታጅራዋ ልብስ ሰፊ አሰፋሽ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ባወቀች ጊዜም የምትነግረው ሰው አላገኘችም።

ጥንካሬዋ የፈጠራ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ከልጅነቷ የማታለቅስ ልጅ ነበረች። እንሴኖ አጠገብ በአባቷ ግቢ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ እሷም ልርዳ ብላ እጇን ተቆርጣ፣ ደሙ እየወረደ ዝም ብላ ሥራዋን ስትቀጥል አዩዋትና «ይቺስ ወንድ ናት!» ተባባሉ። እጇ ያማት ነበር። ምስጋናው ግን ከሕመሙ በልጦ ጣፈጣት፤ ልጅ ደግሞ የጣፈጠውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ እሾህ ሲወጋት፣ አባቷ ሲቆጣት፣ ሳትወድ ከትምህርት ቤት ስትቀር ሁሉንም በአንጀቷ ይዛ ዝም አለች። ሰው ፊቷን እያየ ደህና ናት አለ፤ ውስጡን ለቄስ።

ባሏ ሀብተወልድ ደርግ በወደቀ በዓመቱ ቆሼ ለንግድ ወርዶ ወባ ይዞት ሞተ። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ዮናታንና ዮርዳኖስ። ያን ጊዜ ጥቂት አለቀሰች፣ ጥቂት ሰነበተች፣ ከዚያ ገበያው ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የእግር ስፌት መኪና ተክላ የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ጀመረች። ባል የሞተባት ሴት ሁሉ «እስቲ አሰፋሽን እይ» እየተባለች ትገሠጽ ጀመር። የተገሠጹት ሴቶች ምን ያህል እንደጠሏት እኔ አላውቅም፤ ቢጠሏትም አልፈርድባቸውም።

ዮናታን አደገ። ድምፁ ያማረ ስለነበር የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ገባ። እቤት ግን የሚዘምረው መዝሙር አልነበረም፤ የእናቱን የስፌት መኪና ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ያበሽቃት ነበር። እሷ ስታቆም እሱ ይቀጥላል። ቆሞ ነው የሚበላው፣ ጫማውን በር ላይ ነው የሚጥለው፣ ሲቆጡት ይስቃል። አሰፋሽ በዚህ ልጅ ፊት ብቻ ትሸነፍ ነበር፤ ቆጣ ለማለት ትሞክርና አፏ እምቢ ብሏት ትስቃለች።

በ1993 መስከረም፣ መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ዮናታን ለቆሼ ተማሪዎች የተሰፋ ደንብ ልብስ አድርሶ ሲመለስ በርበሬ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። የበርበሬው ባለቤት የጎረቤታቸው የከድጄ ባል ነበር። በዚያው በቆሼ መንገድ መኪናው ተገለበጠና ሁለቱም ከዚያ አልተነሡም። አንዱን ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩት ሁለት ቤቶች በአንድ ከሰዓት ድንኳን ተተከለባቸው።

ያን ጊዜ የአሰፋሽ የወንጌላውያን ጉባኤ አባሎች የራሳቸውን መቃብር ቦታ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ገና ማግኘታቸው ነበር። ከዚያ በፊት የኦርቶዶክሱ መቃብር ስለማይቀበላቸው ሰው በሞተባቸው ቁጥር የት ይቀበር የሚል ክርክር ነበር፤ ከሐዘኑ ይልቅ ክርክሩ ያደክማቸው ነበር። በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያው ሟች ዮናታን ሆነ። ከተማው ደግሞ እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚቀብሩ ሊያይ ጓጉቷል። ለመስቀል ከመርካቶ የገባው ዘመድ፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ እስላም ክርስቲያኑ ሁሉ ሊወጣ ነው።

የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ በማለዳ መጡ። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዮናታንን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አሰፋሽን ወደ ጓዳ ጠርተው ለብቻዋ አነጋገሯት።

«እህቴ፣ ዛሬ ከተማው የሚያየው አስከሬኑን አይደለም፤ አንቺን ነው» አሏት። «ተስፋ እንዳለን በአንቺ ያውቃሉ። መዝሙሩን አንቺ ብታነሺው፣ ከመቶ ስብከት ይበልጣል።»

ይህን ሲሉ እሳቸው እያለቀሱ ነበር። አሰፋሽ ከደረቷ መሐረቧን አውጥታ ሰጠቻቸው።

መቃብሩ ዘንድ የአባቷ እህት፣ ከእንሴኖ የመጡ ባልቴት፣ በጉራጊኛ ሙሾ አወጡ። ቁመቱን ጠሩ፣ ድምፁን ጠሩ፣ እናቱን ማን ያስቃት ብለው ጠየቁ። ያቺ ጥያቄ አሰፋሽን አገኘቻት። ለለቅሶ አፏን ልትከፍት ነበር። ከፍታ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው በሌላ መንገድ ነበር። ግን ቀና ስትል ጋሽ ደምሴን አየች፤ ከኋላቸው ከተማውን አየች። የአክስቷን እጅ ያዘች። «አክስቴ፣ ይበቃል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ አይለቀስም» አለችና መዝሙሩን አነሣች።

ሕዝቡ አፉን ያዘ። አንዳንዱ አደነቀ፣ አንዳንዱ ደነገጠ። አክስቷ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሄዱና ከዚያ ቀን በኋላ ቤቷ አልመጡም።

ከግድግዳው ማዶ ነገሩ ሌላ ነበር። ከድጄ ጮኸች። መሬት ላይ ተንከባለለች። ሼኩ ሳይቀሩ እንዲህ ማልቀስ በሃይማኖታችን ነውር ነው ብለው ገሠጿት፤ ሰማቻቸው፣ «አስተግፊሩላህ» አለች፣ ሄዱ ስትባል ደግሞ ጀመረች። መብላት እምቢ አለች፤ ሴቶች ተራ ገብተው እያጎረሱ አሰነበቷት። የበርበሬ መደብሯ ተዘጋ፤ ትልቋ ልጇ ትምህርት አቋርጣ ታናናሾቿን ያዘች። ይህ የለቅሶዋ ዕዳ ነበር፤ ልጅቷም ተመልሳ አልተማረችም። ሰው «ደካማ» አላት፤ እውነቱን ነው፣ ደካማ ነበረች። ክረምቱ ሲመጣ ግን ከድጄ መደብሯን ከፈተች። በርበሬ እየሰፈረች ስለ ባሏ ስስት አንድ ቀልድ ታወራና ትስቃለች፣ መሐል ላይ ታለቅሳለች፣ እንባዋን በበርበሬው ታሳብባለች፣ ትሰፍራለች።

አሰፋሽ ዘንድ ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚያጎርስ ሰው አልመጣም። ምን ይሠራል? እሷ እኮ ደህና ናት። ተማሪ ደንብ ልብሱን ይጠብቃል፤ በአራተኛው ቀን መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሲያቆም ቤቱ ዝም ይላል። ዝምታውን ስለፈራችው ሳታቆም መስፋት ለመደች።

ታኅሣሥ ላይ የመዘምራኑ ልብስ እንድትሰፋው ለእሷ ተሰጠ። የዮናታን ልኬት ከእጇ አልጠፋም ነበርና ማንም ሳይነግራት የእሱንም ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች። ከዚያ በእሱ ቦታ ለገባው ልጅ አለበሰችው። ትከሻው ላይ ሰፋው፤ በመርፌ ያዝ ያዝ አደረገችለት። ያዩት ሴቶች ጌታ ይመስገን አሉ። በዚያ ቀን ነው ማጅራቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨመደዳት።

ከዚያ በኋላ አጽናኝ ሆነች። ማንም አልሾማትም፤ ነገሩ እንዲሁ ሆነ። ከጉባኤው ሰው የሞተበት ቤት ሲኖር «አሰፋሽን ውሰዱ» ይባላል። ልጅ የሞተባት እናት ዘንድ ያስገቧታል፣ እሷም በለመደችው ቃል ስለ ዮናታን ትናገራለች፤ እንዴት እንደ ዘመረች፣ ጌታ እንዴት እንዳበረታት። የሰማች ሁሉ ዝም ትላለች። ዝም ማለት ተጽናናች ተብሎ ይተረጎማል። በዚህ ዓይነት አሰፋሽ የልጇን ሞት በየቤቱ እየዞረች ተናገረች፤ አንድ ቀን እንኳ ግን እንደ እናት አልተናገረችውም።

ሕመሙ ጸና። ጆሮዋ ይጮኻል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ እንቅልፍ የለም። በመጨረሻ የሺ የምትባል የጉባኤው እህት ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። ያከመቻት ሲስተር ሰገነት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ግፊቷን ለካች፣ አላመነችም፣ ደግማ ለካች።

«በቅርብ ሐዘን ነበረብዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

የሺ ቀደመች። «እሷማ ሌላውን የምታጽናና ናት። ሐዘንን ድል የነሣች ሴት ናት።»

«የጠየቅሁት እሳቸውን ነው» አለች ሲስተር ሰገነት።

አሰፋሽ የሺን አየች፤ ከዚያ መሬቱን አየች። «ደህና ነኝ ሲስተር። እንቅልፍ ብቻ ነው የነሣኝ።»

ነርሷ ሳታምናት ኪኒን ሰጠቻት። በየቀኑ እንድትውጠው፣ ቢሻላትም እንዳታቆመው አስጠነቀቀቻት። ስታሰናብታት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሚያለቅሱበት ሰው ይፈልጉ አለቻት። አሰፋሽ ይህን ምክር ለማንም አልተናገረችም። እንዲህ ያለ ነገር ለቄስ ይነገራል እንዳይባል እንኳ የእነሱ ሃይማኖት ቄስ የለውም፤ ሽማግሌ ነው ያለው፣ ሽማግሌው ደግሞ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ኪኒኑን ለጥቂት ወራት ዋጠችው፤ ማጅራቷም ለቀቃት። ከዚያ አንድ እሑድ ጋሽ ደምሴ በጉባኤው ፊት አስነሥተው፣ ይህችን እህት ሐዘን አልሰበራትም፣ በሽታም አልነካትም ብለው አሳዩአት። ኪኒኑ በዚያች ሰዓት በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እንደ ሌባ ደነገጠች። ማንም ተዪው አላላትም፤ ጋሽ ደምሴም ቢያውቁ ዋጪው ይሏት ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካችውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሷ ይባስ፣ መድኃኒቱንም ደበቀችው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ዮርዳኖስ አስተማሪ ሆና ወልቂጤ ተመደበች። ልጅቷ እናቷን ትኮራባታለች፤ ለጓደኞቿ ስታወራ «እናቴ ለወንድሜ እንኳ አላለቀሰችም» ትላለች። አሰፋሽ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች። ምን ታድርግ?

ከታላቁ ምርጫ በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1998፣ ቆሼ አጠገብ ልጇን የወንዝ ሙላት ወደ ወሰደባት አንዲት እናት ወሰዷት። ያንን መንገድ ከልጇ ሞት ወዲህ አልሄደችበትም ነበር፤ መኪናው ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ደርሳ የለመደችውን ተናገረች። ሴትየዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ በተዘጋ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እውነት እንዲህ ቻልሽው?»

«በጌታ ቻልኩት» አለች አሰፋሽ።

«እንግዲያ አትወጂውም ነበር።»

አብረው የሄዱት ሴቶች ይቅርታ እያሉ ተረባረቡ፤ ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ አትቀየሚያት አሏት። አሰፋሽ አልተቀየመችም። ያመማት የሴትየዋ ድፍረት አልነበረም፤ ዮናታን ይህን ሰምቶ ቢሆንስ ብላ ነው። ቆሞ ሲበላ፣ በአፉ ሲያንኳኳ፣ አፏን ይዛ ስትስቅለት የነበረውን ልጅ አትወጂውም ተባለች፤ የምትመልሰው አንድም ማስረጃ አልነበራትም። የከድጄ ልጆች እናታቸው አባታቸውን እንደወደደች ያውቃሉ፤ ሰፈር ሁሉ በጆሮው ሰምቶ መስክሯል። የእሷን ማን ሰማ?

ስትመለስ ከድጄ መደብር ገብታ በርበሬ ሳትገዛ ተቀመጠች። ከድጄ አንድ ጊዜ አየቻትና ደንበኛዋን አሰናበተች። «አሰፉ፣ ነይ ወደ ውስጥ ግቢ፤ እኔ በሩን እዘጋለሁ» አለቻት። አሰፋሽ ተነሣች። ወዲያው የሺ ከመንገድ ላይ አየቻትና ሰላም አለቻት፣ የጉባኤውንም ጉዳይ አነሣች፤ አሰፋሽም ከእሷ ጋር እያወራች ወጣች። ለከድጄ «እመለሳለሁ» አለቻት። አልተመለሰችም።

ጋሽ ደምሴ ዘንድ ግን ሄደች። ወገቧን ይዛ፣ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት መሄድ አልችልም፣ እኔ ራሴ አልተጽናናሁም አለቻቸው። እንዲህ ብላ ስትናገር በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሰውየው በአክብሮት አዳመጧት። አዳምጠው ምን ተረዱ? ትሕትና ነው ብለው ተረዱ። ጠላት እንዲህ ያሉትን ነው የሚፈትነው ብለው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ ተጨማሪ ጥንካሬ እንዲሰጣት! ሲጨርሱ፣ በመጪው እሑድ ከወልቂጤም ከአዲስ አበባም እንግዶች ስለሚመጡ ምስክርነቷን እንድትሰጥ ለመኗት። ልቧ በግኖ ሳለ «እሺ» አለች። በውስጧ ግን ቆረጠች፤ በዚያ ጉባኤ ፊት እውነቱን ልትናገር፣ ከመጣም ልታለቅስ።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አሰፋሽ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ቆመች። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዮርዳኖስ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በኩራት በርቷል። አሰፋሽ ልጇን አየች፤ የሺን አየች፤ በየቤታቸው እየሄደች ዝም ያሰኘቻቸውን እናቶች አየች። እኔ ዋሽቼ ከነበረ እነዚህስ በምን ዝም አሉ ልትል ነው? አፏን ከፈተች፤ ሳታስበው ያ የለመደችው ቃል ራሱ ወጣ። እንዴት እንደ ዘመረች፣ ጌታ እንዴት እንዳበረታት። ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሕዝቡ እልል አለ።

ሰኞ ጠዋት ስፌት ላይ እንዳለች ቀኝ እግሯ መርገጥ አቆመ። እግሯን ልትወቅስ ስትል ምላሷ እምቢ አላት። ደንበኛ መጥቶ ጨርቁ ላይ ተደፍታ አገኛት።

ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሷ ተረፈች፤ የቀኝ ጎኗና አንደበቷ ግን አልተረፉም። ዮርዳኖስ ወልቂጤ ወስዳ በአንዲት ክፍሏ አስተኛቻት፤ ለክትትልም ወደ አታት ሆስፒታል እያመላለሰች ቀንና ሌሊት ደከመችላት። ልጅቷን በምንም አልከስሳትም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ጀመረ። አሰፋሽ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው አልነበረም፤ ከሆዷ የሚመጣ፣ ትከሻዋን የሚነቀንቅ፣ አንዴ ከተነሣ የማይቆም ለቅሶ ነው። አንደበቷን የዘጋው በሽታ እንባዋን ከፈተው። ስትነቃ ታለቅሳለች፣ ስትጎርስ ታለቅሳለች፣ ከደጅ የልጆች ድምፅ ሲሰማ ይብስባታል። ዮርዳኖስ ደንግጣ ሐኪም ጠየቀች። ሐኪሙም ከእንዲህ ያለ ሕመም በኋላ ሰው ያለ ምክንያት ሊያለቅስ እንደሚችል፣ ከአንጎል የሚመጣ እንደሆነ፣ እንዳትደነግጥ ነገራት። የነገራት እውነት ነው፤ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ። ምክንያት ያላቸውም አሉ ብሎ መጨመሩን ግን ልጅቷ እፎይ ከማለቷ የተነሣ ልብ አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ በር ላይ ይነገረዋል። «አትደንግጡ፤ እያለቀሰች አይደለም፤ ነርቭ ነው።» ጋሽ ደምሴ ከቡታጅራ መጥተው ይህን ሲሰሙ ተጽናኑ። እሳቸውም የሺም በአልጋዋ ዙሪያ ቆመው፣ እሷ እያነባች፣ ያን ጊዜ በመቃብሩ ላይ እንዴት እንደ ዘመረች ለወልቂጤ ሰዎች ተረኩ። አሰፋሽ ሁሉንም ትሰማለች። በግራ እጇ አንሶላውን ጨምድዳ፣ የልጇን ስም ለማውጣት ትታገላለች፤ የሚወጣው ግን ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ውኃ ያቀርቡላታል።

ጥቅምት ላይ ከድጄ በአውቶቡስ መጣች። በር ላይ የተባለችውን አዳምጣ ገባች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የአሰፋሽን ፊት አየች። ለመረዳት ብዙ አልቆየችም።

«አሰፉ» አለቻት፣ «ዮናታንን ነው አይደል?»

አሰፋሽ በደህናው እጇ የከድጄን ክንድ ይዛ አለቀቀችም። ከድጄ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ክንዷን ተወችላት። ከዚያ ወደ ዮርዳኖስ ዞረች። «ልጄ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ እናትሽ ልጇን እያለቀሰች ነው። ተያት ታልቅስ፤ አብረሻትም አልቅሺ።»

ዮርዳኖስ የደከመ ፈገግታ ፈገግ አለች። «አይ እትዬ ከድጄ፣ እርስዎ አላወቁም፤ ሐኪሙ ነግሮናል። እማዬ ያን ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም፣ አሁን ምን ያስለቅሳታል?» አለች። የእናቷን ጉንጭ በፎጣ ጠረገችላት፤ ጣቶቿን ከከድጄ ክንድ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀችና ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕመሙ እንዳይነሣባት የዮናታንን ስም በፊቷ እንዳታነሣባት ለመነቻት።

ከድጄ አሰፋሽን አየቻት። በሰው ቤት እንግዳ ነበረችና ዝም አለች።